በአራሷ ክፍል የሚያንጠባጥበው መስኮት

ያደታ መኪናውን ሪችፊልድ ካለች አንዲት ትንሽ ቤት ፊት ለፊት አቁሞ ሞተሩን ካጠፋ በኋላም አልወረደም። እጁን መሪው ላይ እንዳሳረፈ ጣራውን አሻግሮ ተመለከተ። ጣራው ቁልቁለት ነው። በረዶው ከላይ ሲያዩት እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስላሳ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲጠነክር የሰነበተ ግግር እንዳለ ያውቃል። መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ፣ በረዶ ያልሸፈነው ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል። ባለፈው ጥቅምት በገዛ እጁ የገጠመው የጣራ መስኮት እዚያ ነው።

የቤቱ ባለቤት ዮሲ ጠዋት በስልክ «ያፈሳል» ብሎታል። «የሚያንጠባጥበው አልጋው ላይ ነው። ቤት ውስጥ አራስ አለች፣ ሕፃን አለ። ዛሬ ጣራው ላይ ወጥተው ካላስተካከሉልኝ ሰው ጠርቼ በጣውላ አስደፍነዋለሁ።»

ያደታ ይህ ጥሪ ሳይመጣም ደክሞት ነበር። ሃምሳ ዓመት ካለፈው ቆይቷል። ከናይሮቢ የስደት ኑሮ በኋላ ሚኔሶታ መጥቶ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ የጣራ ክዳን እሽግ በትከሻው ተሸክሞ መሰላል መውጣት ነበር። ቀስ በቀስ ምስማር መቺ ሆነ፤ ቀጥሎ መስኮት ገጣሚ ሆነ፤ በመጨረሻም አሮጌ ቫን ገዝቶ ለብቻው መሥራት ጀመረ። ኦሮምኛም አማርኛም ስለሚናገር ከሆፕኪንስ እስከ ሜፕልዉድ ያለ ያገሩ ሰው ከጣራው በኩል አንዳች ነገር ሲሰማ የሚደውለው ለእሱ ነው። ዓምና ይህን ጊዜ ከአንድ ጣራ ላይ ወደቀ። የተቆለለ በረዶ ላይ ስላረፈ ተረፈ፤ ቀኝ ትከሻው ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይታዘዘውም። ሚስቱ ገላኔ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ስለምትሠራ የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች፤ ስለዚህ «ተንሸራተትኩ» ብቻ ብሏት አለፈው። ጣራ ላይ ሲቆም ጉልበቱ እንደሚንቀጠቀጥበት ለእሷም ለማንም አልተናገረም።

በበረዶ ወራት የሚደውልለት ሰው ሁሉ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንዲወጣ።

በመጨረሻ ወረደ። መሰላሉን ከቫኑ ጣራ ላይ ሳይፈታ የመሣሪያ ሣጥኑን ብቻ ይዞ በሩን አንኳኳ። የከፈቱለት የዮሲ አማት ወይዘሮ ብዙነሽ ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከሲያትል የመጡ፣ ነጠላቸውን አገልድመው ወገባቸውን ያሰሩ ሴት ናቸው።

«ግባ፣ ግባ፣ በሩን ዝጋው! አራስ አለች።»

«እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ ብዙነሽ። መስኮቱ ላይ ቤት ነው አይደል?»

«ቆይ፣ ወዴት ትሄዳለህ? ይህን ሁሉ ብርድ ተሸክመህ አራስ ክፍል ልትገባ? እዚህ ተቀመጥ። ብርዱ ይውጣልህ።»

ከውጭ የመጣ ሰው ብርዱ ሳይለቀው አራስ ፊት እንደማይቀርብ ያደታም ያውቃል። እናቱም እንዲሁ ነበሩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቀመጡን አልጠላውም።

የጣራ መስኮት ጉዳይ አንድ የሚገርም ጠባይ አለው። ችግሩ ከላይ ይታያል፤ መነሻው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ያደታ የደከመው ሰውነቱ እንጂ ይህን የማወቅ ጉጉቱ አይደለም። ተቀምጦ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። ምድጃው ላይ በትልቅ ድስት የባሕር ዛፍ ቅጠል ይፍለቀለቃል። ከጎኑ የአጥሚት ድስት አለ። ሳሎኑ ውስጥ በተዘረጋው ማድረቂያ ላይ የሕፃን ልብስ ተደርድሯል፤ ካንዱ ጫፍ ጠብታ ይወርዳል። የሳሎኑ መስኮት የታችኛው ጠርዝ ላይ ላብ አለ።

ከሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቁጥሩ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ከሃምሳ በመቶ በላይ ደርሶ ቆመ። እንዲህ ያለ ብርድ ባለበት ቀን ቤት ውስጥ ከሠላሳ በታች ቢሆን ነው ደጉ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ሰዓት ነው?» አሉ ብዙነሽ።

«አየሩ የተሸከመውን ውሃ የሚለካ ነው።»

«አየርም ይሸከማል?»

«በደንብ ነዋ። ሞቃት አየር እንደ ብርቱ ወዛደር ነው፣ ብዙ ይሸከማል። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ግን ሸክሙን እዚያው ያራግፈዋል።»

«እንግዲህ አየሩም እንደ አንተ ብርድ አይወድም» አሉና ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ዮሲ ዓይኑን እያሸ ከውስጥ ወጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከዳኮታ የገባው ሲነጋጋ ነው።

«ጋሽ ያደታ፣ መሰላሉን አላወረዱትም እንዴ?»

«መጀመሪያ ከውስጥ ልየው።»

«ከውስጥማ እኛም እያየነው ነው።»

«መቼ መቼ ነው የሚያንጠባጥበው?»

«ጠዋት ጠዋት። ፀሐይዋ በረዶውን ታቀልጠዋለች፣ የቀለጠው ውሃ በጎን ሾልኮ ይገባል። ሜክ ሴንስ ያደርጋል።»

ስሜት ይሰጣል፤ ያደታም አልካደም። ውጭው ከዜሮ በታች ቢሆንም የቤት ሙቀት ከሥር እያቀለጠው ውሃ በግግሩ ኋላ ተጠራቅሞ ወደ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቷል። ያ ከሆነ ወጥቶ በረዶውን መጥረግ፣ የመስኮቱን ዙሪያ ማየት ግድ ነው። ካልሆነ ደግሞ የቤቱ የራሱ እርጥበት መስታወቱ ላይ እያላበ ነው፤ ለዚያ መሰላል አያስፈልግም። ሁለቱም ከታች ለተኛ ሰው አንድ ናቸው፤ ጠብታ ነው የሚወርድበት።

ያደታን የጨነቀው ሌላ ነገር ነው። ከመኪናው ሳይወርድ ጀምሮ ልቡ «ላብ ነው» ይለዋል። ይህን የሚለው ሙያው ነው ወይስ ፍርሃቱ? መውጣት የማይፈልግ ሰው ላለመውጣት የሚበቃ ምክንያት አያጣም። ሕፃን የተኛበት ክፍል ነው። ፈርቶ ቢዋሽ፣ ራሱንም ጨምሮ ቢዋሽ፣ ጣራው ከውስጥ ይበሰብሳል።

«አሁን ውጣ፣ ሞቅ ብለሃል» አሉት ብዙነሽ ጉንጩን በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አድርገው።

ላይኛው ክፍል ጣራው ተዳፋት የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። የዮሲ ሚስት ሶሊያና ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አልጋው መሀል ላይ ፕላስቲክ ሳህን ተቀምጧል፤ ውስጡ ውሃ አለ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«አሜን። ጋሽ ያደታ፣ መስኮቴን እንዳያዘጉብኝ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «እስከ ክርስትናው ድረስ ከዚህ ቤት አልወጣም። ሰማይ የማየው በእሱ ነው። ፕሌን ሲያርፍ ሆዱን ሁሉ አያለሁ።»

«መስኮት ወይስ ልጅ ነው የወለድሽው?» አሉ እናቷ ከኋላ ደረጃውን እየወጡ። «ስለ እሱ ብቻ ነው የምታወሪው።»

ያደታ ክፍሉ ውስጥ ያገኘውን አጭር መቆሚያ ከአልጋው ጎን አቁሞ ወጣበት። ሥራውን እንደ ሁልጊዜው በተራ ያዘው። መጀመሪያ መስታወቱን አየ። ጠብታው ከአንድ ቦታ የሚፈልቅ አይደለም፤ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር እንደ ወዝ ሸፍኖታል። ቀጥሎ በላይኛው በኩል ያለውን የእንጨት ጠርዝ በጥንቃቄ ነቅሎ ጣቱን ከኋላው አስገባ። ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ከጣራ የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ የሚያርሰው ላይኛውን ነው። ጣቱ አቧራ ይዞ ወጣ። ደረቅ አቧራ።

ትንፋሹ ቀለል አለው። ወዲያው ደግሞ የታችኛውን ቀኝ ጥግ ሲነካ ጣቱ ራሰ። ጠቆር ያለ ሻጋታም አለ።

«አገኙት አይደል?» አለ ዮሲ ከታች። «ያ ጥግ ነው። መሰላሉን ላውርድልዎት?»

ያደታ ጥጉን እንደገና ዳሰሰው። ከመስታወቱ የሚወርደውም ውሃ የሚጠራቀመው በዚያው ጥግ ነው። ይህ ብቻውን ምንም አይመሰክርም። ከመቆሚያው ወርዶ ግድግዳውን ተደገፈ። እንደተደገፈ ቀና ሲል ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። በመስኮቱ ጉድጓድ አፍ ዙሪያ፣ እሱ አለስልሶ ቀለም የቀባው ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ምስማሮች ተመትተዋል።

«ይሄ ምስማር ምንድን ነው?»

ሶሊያና እናቷን አየች። ዮሲ ሚስቱን አየ።

«የብርድ ልብሱ ነው» አሉ ብዙነሽ።

«የምን ብርድ ልብስ?»

«ነፋስ ይገባላ! አራስና ጨቅላ ተኝተው እላያቸው ላይ ነፋስ ይውረድባቸው? ማታ ማታ እሰቅልበታለሁ፣ ጠዋት አወርደዋለሁ።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት?»

«ፀሐይዋ ስትወጣ። ልጅቷ ሰማይ ካላየሁ ትላለቻ።»

ያደታ ድካሙን ለአፍታ ረሳው። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ስለ ውሃ ጠየቅህ እንጂ ስለ ነፋስ መቼ ጠየቅህ?»

ያደታ እንደገና ወጥቶ ከመስታወቱ በላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ክዳን ከፈት አደረገ። ውስጧ ጥጥ ታጭቆባታል።

«ይሄስ?»

«እሱም ነፋስ ነው» አሉ ሴትዮዋ ሳያፍሩ።

ያደታ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ በቀጭኑ ቀደደና ጫፉን ይዞ ከመስኮቱ ሥር አንጠለጠለው። ወረቀቱ ወደ አልጋው አቅጣጫ ተነፋ። ብዙነሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«አላልኩም? እነዚህ ልጆች እኮ አርጅታ ነው የምትቃዠው ይሉኛል።»

«ልክ ነዎት፤ ነፋስ አለ» አለ ያደታ። «የሚገርመው ግን ከውጭ የሚገባ አይደለም። እዚሁ ክፍል ውስጥ የሚፈጠር ነው። የክፍሉ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውን መስታወት ይነካል፤ ይበርዳል፤ የበረደ አየር ከባድ ነውና ተመልሶ ቁልቁል ይፈሳል። እርስዎ አንገትዎ ላይ የሚሰማዎት እሱ ነው።»

«ስለዚህ ብሰቅልበት ምን አጠፋሁ?»

«ሲሰቅሉበት መስታወቱ የክፍሉን ሙቀት ያጣል። ብቻውን ከውጭው ብርድ ጋር ይቀራል። የባሕር ዛፉ እንፋሎት፣ የልብሱ እርጥበት፣ የእናንተ ትንፋሽ ደግሞ በብርድ ልብሱ ዳር ዳር ሾልኮ ይገባና እዚያ ይረጋል። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ይሠራል። ጠዋት ሲያነሱት ያ በረዶ ሙቀት አግኝቶ ይቀልጣል። የድስት ክዳን አላዩም? ከላይ ውሃ ያፈሰሰበት ሳይኖር ከውስጥ ያንጠባጥባል።»

ዮሲ ክንዱን አጣምሮ ሲሰማ ቆየ። «ጋሽ ያደታ፣ አይቀየሙኝና፣ እኔ ለልጄ ነው። ጣራው ላይ ሳይወጡ እንዴት እርግጠኛ ይሆናሉ?»

ጥያቄው ያደታ ራሱን ሲጠይቅ የቆየው ነው። ስለዚህ አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ አሰበ።

«እንፈትነው» አለ። «ያን ብርድ ልብስ አምጡልኝ።»

መስታወቱን በፎጣ አደረቀው። ብርድ ልብሱን አጥፎ የመስኮቱን ግማሽ ብቻ፣ የግራውን ጎን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖ በእነዚያው ምስማሮች ሰቀለው። የቀኙን ጎን ክፍት ተወው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውሃው ከጣራ የሚመጣ ከሆነ ብርድ ልብስ ያለበትንና የሌለበትን አይመርጥም። ላብ ከሆነ ግን የተሸፈነው በኩል ብቻ በረዶ ይሠራል። ሶሊያናና ሕፃኑ ወደ ታች ወረዱ። ድስቱም እንደ ልማዱ ይፍላ ተባለ።

ቀሪው ሥራ መጠበቅ ነበር። ብዙነሽ ለአራሷ የሠሩትን ገንፎ ቀንሰው በሳህን አቀረቡለት። «ብላ፣ አራሱ አንተ ትመስላለህ።» በላ። ሙቀቱ፣ ቅቤው፣ የሕፃኑ የእንቅልፍ ትንፋሽ ተደማምረው ጭንቅላቱን አከበዱት። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ወሰደው። በእንቅልፍ ልቡ ድምፃቸውን ይሰማል።

«ቀስቅሰው።»

«ተዪው ሶሊ። ሰውየው ጣራ ሲሸከም የኖረ ነው የሚመስለው።»

ሲነቃ እኩለ ቀን ሆኗል፤ እግሩ ላይ ጋቢ ጣል ተደርጎበታል። አፍሮ ተነሳ። ሦስቱም ተከትለውት ወደ ላይ ወጡ። መቆሚያው ላይ ከመውጣቱ በፊት እጁን ሱሪው ላይ አበሰ። የቀኙ ጎን መስታወት ጭጋግ ብቻ ነው ያለበት። ብርድ ልብሱን ከምስማሮቹ አላቆ አነሳው።

የግራው ጎን ነጭ ነው። ፈርን የሚባለውን ላባ መሰል ቅጠል በሚያስታውስ በረዶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሸልሟል፤ ብርድ ልብሱ ያለቀበት ቦታ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ያበቃል። ጥቂት እንደቆዩ ከበረዶው ሥር አንድ ጠብታ ተንሸራቶ ሳህኑ ውስጥ ጠብ አለ። ሌላ ተከተለው።

«ዋው» አለች ሶሊያና።

ያደታ መቆሚያው ላይ እንዳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደስታ ብሎ ለመጥራት ሰውነቱ አቅም አልነበረውም፤ የተናገረው ፍርሃቱ አለመሆኑን ማወቁ ግን እንደ እረፍት ተሰማው።

«እሺ፣ ተሸነፍኩ» አለ ዮሲ እየሳቀ። «ግን ከመጡ አይቀር ወጥተው በረዶውን ቢጠርጉልኝስ? ግግሩ መስታወቱን እንዳይጫነው።»

«ከመሬት ሆነህ ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ ሳብ ሳብ ታደርገዋለህ። ግግሩን አትምታው፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል።»

«መሰላሉ እኮ መኪናዎ ላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ…»

«አልወጣም» አለ ያደታ።

ቃሉ ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ወርዶ መቆሚያው ላይ ተቀመጠ።

«እፈራለሁ፣ ዮሲ። ዓምና ወድቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ስወጣ እግሬ ይርዳል።»

 ብዙነሽ ወደ እሱ ቀረብ አሉ።

«ታዲያ ይህን ለምን ቀድመህ አልተናገርክም?»

«እናንተ ስለ ውሃ ነው የጠየቃችሁኝ።»

ሴትዮዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ፤ ድርድሩ ገና ነበርና። ብርድ ልብስ ሳልሰቅል አላድርም አሉ። ጥጡ ከወጣ ነፋስ ይገባል አሉ። እንፋሎቱ ካልፈላ የሕፃኑ አፍንጫ ይዘጋል አሉ። ያደታ አንድ በአንድ ተከራከራቸው። ባሕር ዛፉ ይፈላል፤ ግን ኩሽና፣ ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ እየሠራ። ልብሱ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ጥጡ ይወጣል፤ መተንፈሻዋ የምትከፈተው ግን ቀን ላይ፣ አራሷ ለምሳ ታች ስትወርድ ብቻ ነው። ብርድ ልብሱ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ደከማቸው።

«የሚወርደው ነፋስ እውነት ነው ብለሃል» አሉ ብዙነሽ። «በገዛ አፍህ።»

«ብያለሁ። ስለዚህ አልጋውን ከሥሩ እናንሳው።»

እሱና ዮሲ አልጋውን ወደ ማዶው ግድግዳ ገፉት። ከአልጋው ሥር የማሞቂያው አየር የሚወጣባት የወለል ቀዳዳ ተደብቃ ኖራለች፤ አሁን ሙቀቷ ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ያደታ ይህን ሲያይ በድካሙ መሀል ፈገግ አለ። መስታወቱን የሚያሞቀው እሱ ነው። ብዙነሽ ግን ገና ቆመው ከትልቁ አልጋ ጎን ያለውን የሕፃኑን አልጋ ያያሉ።

«ነጠላዎን እንደ አጎበር ከሕፃኑ አልጋ በላይ ይስቀሉት» አለ። «ነፋሱ ሕፃኑን አያገኘውም። መስታወቱም ሙቀቱን አያጣም።»

ሴትዮዋ አሰቡበት። ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ለኩት። «ምስማር አለህ?» አሉ።

ያደታ የራሰውን ጥግ አድርቆ ሻጋታውን ጠርጎ፣ ጠርዙን መልሶ ገጥሞ ሲጨርስ ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ቫኑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ወንበሩ እንደ ድንጋይ በርዷል። ስልኩ ጮኸ። ከሜፕልዉድ የሚደውል ተካ የሚባል ሰው ነው፤ ቁጥሩን ከዘመድ አገኘሁ አለ።

«ጣራዬ ላይ ያለው መስኮት ያፈሳል። መቼ መጥተህ ትወጣልኛለህ?»

ያደታ መልስ ከመስጠቱ በፊት በመኪናው የፊት መስታወት የሚታየውን ነጭ ጣራ አየ።

«በበረዶ ወራት አልወጣም» አለ። «መጥቼ ከውስጥ አይልሃለሁ። ጣራ ላይ የምወጣው በረዶው ሲለቅ ነው።»

«ከውስጥ ማየቱ ምን ይረባኛል? የሚፈሰው ከላይ ነው። እንግዲያ ሌላ ሰው ልጥራ።»

«መልካም፣ ጥራ» አለ ያደታ። የሚያመልጠው ሥራ መሆኑን ያውቃል፤ እንዲህ እያለ የሚያጣው የመጨረሻው እንደማይሆንም ያውቃል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን ያ ጉጉቱ አላስችል አለው። «ሰውየው እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር አድርግ። መስታወቱን በፎጣ አድርቀውና ውሃው መጀመሪያ ከየት እንደሚጀምር እየው። ከላይኛው ጠርዝ ነው ወይስ ከራሱ ከመስታወቱ?»

በስልኩ ውስጥ የእግር ድምፅ፣ የበር ድምፅ ተሰማ።

«ቆይ እስቲ» አለ ተካ፣ «ፎጣ ላምጣ።»

ያደታ ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጠበቀው።